የጨው መንገድ፦ ከጅግጅጋ ገበያ እስከ አይሻ ሜዳ

ከሐረር ተነሥቶ ባቢሌን ያለፈ መንገደኛ፣ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተደራርቦ በሚታይበት የዳክታ ሸለቆ አድርጎ፣ የካራማራን ተራራ ወጥቶ ሲወርድ ሰፊው የጅግጅጋ ሜዳ ወለል ብሎ ይቀበለዋል። ነፋሱ የሚያቆመው የለም። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረችው ጅግጅጋ ዛሬ የሶማሌ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ስለ ጅግጅጋ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ንግዷ፣ ስለ ጨርቋና ስለ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዋ ነው። እኛ ግን በዚህ ወር ገጻችን በገበያዋ ጥግ ተቆልሎ ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው ነገር፣ ስለ ጨው፣ ልናጫውታችሁ ፈለግን።

ጅግጅጋ የጨው ማምረቻ የላትም። ይሁን እንጂ ጨው የማይመረትበትና ያለ ጨው መኖር የማይቻልበት አገር ስለ ጨው ዋጋ ከሚመረትበት አገር የበለጠ የሚናገረው አለው። ዕድሜ ልኩን ከወንዝ ዳር የኖረ ሰው ስለ ጥም ምን ያውቃል?

በገበያው ውስጥ ጨው በሁለት መልክ ይሸጣል። አንደኛው በትንንሽ ላስቲክ የታሸገው ነጭና ደቃቅ ጨው ነው፤ ይህ ለወጥ ቤት ነው። ሁለተኛው በጆንያ የሚቀመጠው ሻካራው ጨው ነው። ጨው መግዛት እንደምንፈልግ ስንናገር ባለ ሱቁ መጀመሪያ የጠየቀን፣ «ለሰው ነው ወይስ ለግመል?» ብሎ ነበር። በአዲስ አበባ መርካቶ ይህ ጥያቄ ሳቅ ያስነሣ ይሆናል፤ በጅግጅጋ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ሶማሌዎች ጨውን «ዑስቦ» ይሉታል፤ ዑስቦ ለአርብቶ አደሩ የወጥ ማጣፈጫ ከመሆኑ በፊት የመንጋው ቀለብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰውም ሆነ የእንስሳ አካል ውኃን የሚይዘው፣ ነርቭና ጡንቻም በትክክል የሚሠሩት በጨው ውስጥ ባለው ሶዲየም አማካይነት ነው። ሥጋና ወተት የሚመገብ ሰው ከምግቡ የተወሰነ ጨው ያገኛል። ቅጠልና ሣር የሚበላ እንስሳ ግን ከቅጠሉ የሚያገኘው ሶዲየም ጥቂት በመሆኑ ጨዋማ አፈር እየላሰ፣ ጨዋማ ውኃ እየጠጣ ወይም ጨዋማ ቁጥቋጦ እየፈለገ ጉድለቱን ይሞላል። በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ከብት አርቢዎች «ቦሌ» የሚሉትን አፈር ለከብቶቻቸው የሚያልሱት ለዚሁ ነው። ከሁሉም የባሰው ግን ግመል ነው፤ ከሌሎች የቤት እንስሳት ስድስትም ስምንትም እጥፍ የሚበልጥ ጨው እንደሚያስፈልገው የግመል ርባታ ባለሙያዎች ይጽፋሉ። ስለሆነም የሶማሌ ግመል ጠባቂ የመንጋውን ጉዞ ሲያቅድ ዝናቡንና የውኃ ጉድጓዱን ብቻ አይደለም የሚያሰላው፤ «ደረን» የሚባለው ጨዋማ ቁጥቋጦ የሚበቅልበትንም ስፍራ ያሰላል። ግመሎቹ በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ወደዚያ ካልደረሱ ወተታቸው ይቀንሳል፣ ይከሳሉ።

ይህን የአርብቶ አደር ዕውቀት ሳይንስ ዘግይቶ ነው የደረሰበት። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ፔክ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በያኔው የብሪታንያ ሶማሌላንድ ውስጥ የግመሎችን በሽታ ሲመረምር፣ ቆዳቸው እየቆሰለና እየበሰበሰ፣ እግራቸውም እያነከሰ የሚቸገሩ ግመሎች ዋና ችግራቸው የጨው ረሃብ መሆኑን ጽፏል። ለእኛ የገረመን የሐኪሙ ግኝት ሳይሆን እረኛው ቀድሞ ማወቁ ነው። መጽሐፍ ያልገለጠ እረኛ ግመሉ ሲያነክስ ወደ ጨዋማ መሬት ይነዳው ነበርና።

ጨው በሰዎቹ ማጀትም የራሱ ወግ አለው። በሐረርና በጅግጅጋ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ ወተት ሲጨመርበት ስኳር ብቻ ሳይሆን ጨውም ይደረግበታል። ከመሀል አገር የሄደ እንግዳ ስኳር ጠብቆ ሲጎነጭ ይደነግጣል፤ በሁለተኛው ስኒ ይለምደዋል፤ ሦስተኛውን ራሱ ይጠይቃል። በሙቀትና በላብ ለሚውል መንገደኛ ይህ መጠጥ የሚሰጠውን ብርታት የቀመሰ ያውቀዋል።

ለመሆኑ ጨው ወደዚህ አገር በየት በኩል ይገባ ነበር? መልሱ በሰሜን ምሥራቅ ነው። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኘው ጥንታዊቷ የዘይላ ወደብ ለብዙ መቶ ዓመታት የሐረርና የአካባቢው የባሕር በር ነበረች። ዝነኛው መንገደኛ ኢብን በጡጣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዘይላ በኩል ሲያልፍ የከተማይቱን ትልቅ ገበያ ቢያደንቅም በዓሣውና በየጎዳናው በሚታረደው ግመል ሽታ ተማርሮ ሌሊቱን በመርከቡ ላይ ማደርን መርጧል። ከዘይላ የሚነሣው ቅፍለት ጨርቅ፣ ሩዝ፣ ቴምርና ጨው ጭኖ የዒሳንና የገደቡርሲን ምድር አቋርጦ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር፤ ሲመለስም ቡና፣ ቆዳ፣ ሙጫና የዝሆን ጥርስ ይዞ ይወርዳል። በየጎሣው ምድር የሚያልፍ ነጋዴ «አባን» የሚባል ጠባቂና ዋስ ከአገሬው ይይዛል። አባኑ ለእንግዳው ሕይወትና ንብረት ተጠያቂ ስለሆነ ነጋዴው ላይ የደረሰ ጥቃት በአባኑ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር የገባው በጥር 3 ቀን 1855 ነበር፤ ከአንድ ወር በላይ መሆኑ ነው። እርሱም ቢሆን ያለ አባን አልተንቀሳቀሰም።

ከዚህ በስተሰሜን በዛሬዋ ጅቡቲ ውስጥ ሌላ የጨው ምንጭ አለ። የዐሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ የአፍሪካ ዝቅተኛ ስፍራ ነው። ውኃው ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ በመሆኑ ዳርቻው እንደ በረዶ ነጭ ነው። ስሙ ማር ማለት የሆነውን የዐረብኛ ቃል ያስታውሳል፤ ከጨው ጋር ምን እንዳገናኘው ግን የቀመሰው ይፍረድ! የአፋር ቅፍለቶች ከዐሳል ጨው ጭነው ወደ ሸዋ ምሥራቃዊ አፋፍ ይወጡ ነበር። በይፋት ምድር የምትገኘው፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም ነጋዴ የነበረው የዐሊዩ አምባ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዚህ ንግድ ማራገፊያ ነበረች።

በሰሜኑ ደግሞ ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ የሚፈለጠው አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር። ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ጨው በሚፈለጥበት አካባቢ አንድ ድራም ወርቅ ከመቶ በላይ አሞሌ ይገዛ ነበር። ቅፍለቱ ከገበያ ወደ ገበያ በራቀ ቁጥር የአሞሌው ዋጋ እየወጣ ሄዶ በንጉሡ ከተማ ያው ድራም ወርቅ የሚገዛው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ነበር። ያንኑ ድንጋይ ወርቅ ያደረገው እንግዲህ የግመሉና የበቅሎው እግር፣ የነጋዴውም ላብ ነው።

ይህ የእኛ አገር ታሪክ ብቻ አልነበረም። ዘይላን ያየው ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1352 ሰሐራን ሲያቋርጥ ታጋዛ ወደምትባል መንደር ደረሰ። ቤቶቿም መስጊዷም በጨው ድንጋይ የተገነቡ፣ ጣሪያቸውም የግመል ቆዳ ነበር። ዛፍ የሚባል የለም፤ አሸዋና ጨው ብቻ። አንድ የግመል ጭነት ጨው በወላታ ከ8 እስከ 10 ሚስቃል ወርቅ፣ በማሊ ከተማ ግን ከ20 እስከ 30፣ አንዳንዴም እስከ 40 ሚስቃል ያወጣ እንደነበር መዝግቧል። በጨው ግድግዳ ውስጥ የሚሰግዱ ሰዎች የሚበሉት ቴምርና እህል ከሩቅ አገር ይመጣላቸው ነበር። ሀብቱ በእጃቸው፣ ምግቡ ግን በሌላው እጅ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበው የዑባዳ ኢብን አስ-ሷሚት (ረ.ዐ.) ሐዲስ ውስጥ፣ በዓይነቱ ሲለዋወጥ እኩል በእኩልና እጅ በእጅ መሆን ያለበት፣ አለዚያ ሪባ የሚሆነው ሸቀጥ ስድስት ነው፦ ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ቴምርና ጨው። ብዙዎቻችን ይህን ሐዲስ ስንማር ጨው ከወርቅ ጎን መቀመጡ ይገርመን ይሆናል። አሞሌ በኪሱ ይዞ ገበያ ለወጣው አያታችን ግን የሚገርም አይሆንም ነበር።

ዋጋው እንዲህ የከበደ ነገር ደግሞ ባለሥልጣንና ባለ ገንዘብ ዓይኑን ይጥልበታል። በፈረንሳይ ጋቤል የተባለው የጨው ግብር ሕዝቡን ለዘመናት ካስመረረ በኋላ በአብዮቱ ጊዜ፣ በ1790 ተሻረ። በህንድ የብሪታንያ መንግሥት ሰው ከደጁ የባሕር ዳርቻ ጨው እንዳይለቅም ከልክሎ ግብር ያስከፍል ነበር። ጋንዲ በመጋቢት 1930 (እ.ኤ.አ.) 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ ጨው በእጁ ዘግኖ ሕጉን የጣሰው ለዚህ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጋንዲ ሲታሰር ወደ ዳራሳና የጨው ማምረቻ የሚደረገውን ሰልፍ ለመምራት የተተካው አባስ ተያብጂ የተባለ የ76 ዓመት ሙስሊም አዛውንት መሆኑን ነው። በባሮዳ ግዛት ዋና ዳኛ የነበረው ይህ ሰው ጡረታውን ጥሎ ለድሃው ጨው ሲል እስር ቤት ገባ።

ነገሩ በእስልምና ታሪክ ውስጥ ከዚያ እጅግ ቀድሞ የተነሣ ነው። አብየድ ኢብን ሐማል (ረ.ዐ.) የተባሉ የየመን ሰው ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው በማእሪብ የሚገኘው የጨው ስፍራ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። ሰውየው ከወጡ በኋላ ግን በስብሰባው ከነበሩት አንዱ፣ የተሰጠው ነገር እንደማያቋርጥ ምንጭ ውኃ ያለ መሆኑን አስረዳ። በዚህ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስጦታውን መልሰው ወሰዱ። ዘገባው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ስብስቦች ውስጥ ይገኛል። ዑለማዎች ከዚህ ተነሥተው፣ ያለ ብዙ ድካም ከምድር ገጽ የሚገኝ ማዕድን ለአንድ ሰው ተለይቶ እንዳይሰጥ፣ የመጣ ሁሉ እንዲወስድበት ፈርደዋል። በጅግጅጋም በሐረርም የሚከተሉት መዝሀብ ባለቤት ኢማም አሽ-ሻፊዒይም በኪታባቸው «አል-ኡም» ይህን ጉዳይ አንስተውታል። በእኛ እምነት ይህ ፍርድ ከገበያ ሕግ ይልቅ ለግመል ጠባቂው ይበልጥ የሚገባ ነው፤ ጉድጓድ የቆፈረ ለድካሙ መብት አለው፣ ዝናብ የሞላው ኩሬ ግን የሁሉም ነው ብሎ ያደገ ሰው ነውና።

ወደ ዘመናችን እንመለስ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲነሣ ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው ተቋረጠ። በምትኩ በአፋር ክልል የሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ ጨው አገሩን መመገብ ያዘ። (በሶማሌ ክልል ውስጥ አፍዴር የሚባል ዞን ስላለ ሁለቱን የሚያምታታ አይጠፋም፤ የተለያዩ ናቸው።) ገበያው ጨው አላጣም፤ ያጣው አዮዲን ነበር። ከኤርትራ የሚገባው ጨው አዮዲን ይጨመርበት የነበረ ሲሆን አዲሱ የአፍዴራ ጨው ግን እንዳለ ነበር የሚጫነው። አዮዲን የሚያስፈልገን መጠን ኢምንት ቢሆንም እርሱ ሲጎድል እንቅርት ይወጣል። ከእንቅርቱ የከፋው ደግሞ የማይታየው ነው፤ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካጣች የሕፃኑ አእምሮ ገና በማኅፀን ሳለ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተሰብ በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ ብሏል። በጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩና በቂ መሆኑ ግን አንድ አይደለም።

ስለዚህም የባለ ሱቁ ጥያቄ፣ «ለሰው ነው ወይስ ለግመል?» የሚለው፣ ለእናቶች ከቀልድ በላይ ነው። አፉ ተከፍቶ በፀሐይና በእርጥበት የከረመ የጆንያ ጨው አዮዲን ቢኖረው እንኳ ይተንናል። አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን እሽግ መግዛት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከእሳትና ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይበጃል። ከመጠን ማለፉም ሌላ ጣጣ አለው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው ይመክራል፤ ከዚያ በላይ የደም ግፊትን ያባብሳል። በረመዳን ሱሑር ላይ ጨው የበዛበት ምግብ የበላ ሰው ደግሞ ከዙህር በፊት ያውቀዋል!

ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሲኖርና ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት በአቅራቢያ ሳይገኝ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ለክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት፣ ጎን ለጎንም ወደ ሐኪም መውሰድ የብዙ ሕፃናትን ነፍስ ያተርፋል። ጨዉ ከተባለው አይብዛ፤ ከበዛ ይጎዳል። ከተማ ለራቀ የአርብቶ አደር ቤተሰብ ከዚህ የሚበልጥ የጨው ጥቅም አናውቅም።

ከጅግጅጋ በሐረር በኩል ወደ ድሬዳዋ ተመልሰን፣ ከዚያም በሽንሌ አድርገን ወደ ሰሜን ስንሄድ ምድሩ ሌላ ነው፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዛፉ ያጥራል። ይህ የሲቲ ዞን የዒሳ አርብቶ አደሮች አገር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ የዘይላ ቅፍለት ሥራውን ተነጠቀ፤ ዘይላም ቀስ በቀስ ደከመች። በጅቡቲ ዳርቻ በተሠሩት የጨው ገንዳዎች የባሕር ውኃ በፀሐይ እየተነነ የሚመረተው ጨውም በዚሁ ባቡር ወደ መሀል አገር ይገባ ጀመር። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ በወዲያ በኩልም ኤረርና አፍደም የባቡር ጣቢያዎች ሆነው ነው ከተማነታቸው የጎላው። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በአዲስ ሐዲድ ያልፋል።

በአይሻ ሜዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ረጃጅም ክንፎቻቸውን ያሽከረክራሉ። ከሥራቸው ግመሎች ይሰማራሉ። ከእነርሱ ጋር ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ሲያጫውቱን ወጣት ሳሉ ከአባታቸው ጋር ጨው ለማምጣት ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ይሄዱ እንደነበር፣ አሁን ግን ከከተማ በጆንያ እንደሚገዙ ነገሩን። የትኛው ይሻላል ብለን ጠየቅናቸው። ለእርሳቸው የከተማው እንደሚሻል፣ ለግመሎቹ ግን ከጆንያው ይልቅ ደረኑ እንደሚሻላቸው መለሱልን። የዘንድሮው ዝናብ ዘግይቶ ስለነበር መንጋውን ወደዚያ ያልነዱበት ሦስተኛ ወራቸው ነበር፤ ልጆቻቸው በማግስቱ ሊነሡ ገመዱንና የውኃ ጀሪካኑን እያሰናዱ ነበር።